ምርቃት

ጉም አጀበን ቁልቁል፣ ከጣርማበር ዋሻ፤
ደብረ ሲና ቆምን፣ ቀኑ ወደ ማምሻ።
ከመስኮቱ ግርጌ ቆሎ የምትሸጠው፣
ባሏ አጥናፌ ነበር፣ በጥይቴ የወደቀው።

«ገቢ ሆኗል» ብሎ ስልኬ ነግሮኝ ነበር፣
ደሙ ገና ሳይደርቅ ከደጁ ድንጋይ ሥር።

ሽጉጤን በረሳ ወንዝ ማለዳ ወርውሬ፣
ብሩን ግን እንዳለ በፌስታል ቋጥሬ፣
መጣሁ «እኔ ነኝ» ልል፣ ዓመት ሙሉ ዞሬ።

ቃሉ ግን አልወጣም። «የሃምሳ ብር» አልኳት።
በብርጭቆ ሰፍራ፣ እፍኝ ጨመረችበት፤
ቀና ብላ ሳታይ፦
«ይሄ ምርቃት ነው።»

ምርቃት።
ለእኔ። ያውም ከሷ እጅ፣ ሳልጠይቀው።

ረዳቱ በሩን መታ፤ አውቶቡሱ ገሰገሰ።
ወርጄ ነበር።
«እኔ…» አልኳት። ቆሎው ከእጄ ፈሰሰ።