ድምፅሽ ዝግ ነው

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ቅርያት ጋት ይዘንባል።
ልጄ ከወዲያ ክፍል «አልተኛም» ይላል።
እኔ በማማዱ፣ በሲሚንቶው ጓዳ፣
ብረት መስኮቱ ሥር፣ ጀርባዬን ለግድግዳ፣
ኮምፒውተሬን ጭኜ ካውያ ጠረጴዛ ላይ፣
ሃያ አንድ ጥቁር ሳጥን፤ አንድም ፊት አላይ።

ለክሊኒክ በስልክ የሚያስተረጉሙ ላሠለጥን ነው።
ባለፈው ሳምንት የሠራሁት ግን ሌላ ነው፤
አርባ ስላይድ ይዤ፣ ቀለሙን አሳምሬ፣
«የአስተርጓሚ ግዴታ፣ ክፍል አንድ» ብዬ ጀምሬ፣
አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳሁት፣ ፌርማታ እየጠራሁ፤
አውቶቡሱ ባዶ መሆኑን መጨረሻ ላይ አየሁ።
«ጥያቄ ያለው?» ዝም።
«ይሰማል?» ዝም።
ከአንድ ማይክ ብቻ፣ ሳይዘጋ ከቀረው፣
አንድ ሰው ያንኮራፋል፤ የአፉላው አቶ ይርዳው።

ተናደድኩባቸው። ከዚያ በራሴ ተናደድኩ።
ደግሞስ እነማን እንደሆኑ መቼ ጠየቅኩ?
አንዷ አረጋውያን ስታጥብ ውላ፣ ወገቧን ይዛ የገባች፣
አንዷ ስልኳን ከቧንቧው በላይ አቁማ ሳህን ስታጥብ የነበረች፣
ይርዳውም የፋብሪካ ዘበኛ፣ የሌሊት ተረኛ፤
ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ፣ እሱማ ምን ያድርግ፣ ቢተኛ።

ሠላሳ አራቱን ስላይድ ሰረዝኩ። ስድስት ቀረ።
ማታ ደግሜ አየሁትና አራቱ ተባረረ።
በምትኩ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፣ በትልቁ፦
«አንዲት እናት ‹ልቤን› ብትል፣ ለሐኪሙ ምን ትሉታላችሁ? ተጨነቁ።»

ዛሬ በየስማቸው እየጠራሁ ሰላም አልኩ፤
ጥያቄውን ጣልኩና ጠበቅኩ።
መጠበቅ! የሙያው ከባዱ ክፍል ይኸው፤
አንዷ ደቂቃ ናት እንደ ስግድ ጾም የምትረዝመው።
ምላሴን ነከስኩ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። እስከ ሠላሳ።
ያኔ አንዱ ሳጥን በራ፣ ከእንቅልፉ እንደተነሳ፤
የኔታንያዋ ጓዳዬ፣ እጇ በሳሙና አረፋ፦
«እናቴ ‹ልቤን› ስትል ሆዷን ነው፤ ሐኪሙ ደረቷ ላይ ሽቦ ሲለጥፍ፣ ሲለፋ!»
«የለም» አለች ኦስናት፣ «ሐዘን ነው፤ የእኔዋ ያለችው ወንድሟ የሞተ ለታ።»
«ማቅለሽለሽም ይሆናል» አለ ይርዳው፤ ነቅቷል በዛሬዋ ማታ።

«መልሱ...» ብዬ አፌን ስከፍት፣ ጭልም።
የውሃ ማሞቂያው ዱድ፣ የልብስ ማድረቂያው፣ ዋይፋዩ፣ ባንዴ ድርግም።
ፊውዙ ወደቀ። በስልኬ መብራት ሮጥኩ፣
የልጄን ብስክሌት መታሁ፣ ወደቅኩ፣
ዱዱን አጠፋሁ፣ ማንሻውን መለስኩ፤
ሰባት ደቂቃ! «ሁሉም ወጥተዋል» አልኩ፤
ልቤን (ሆዴ ይሁን ሐዘኔ፣ እንጃ) ወጋኝ።

ተመለስኩ። አልወጡም። እንዲያውም በዝተዋል፤ ከጓዳዬ ጎን
ባሏ ፎጣ እንደያዘ ቆሟል፣ አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን።
ይርዳው እናት ሆኗል፣ የዘበኛ ካፖርቱን ተከናንቦ፣
«ልቤን፣ ዶክተር፣ ልቤን» ይላል፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ አስቦ።
ኦስናት ሐኪም ናት፣ ችኩል፣ በዕብራይስጥ የምትጠይቅ፤
ጓዳዬ አስተርጓሚ፣ በመሃላቸው የምትጨነቅ፦
«ቆይ፣ ዶክተር፤ አልተረጉምም ገና።
እማማ፣ የት ነው የሚያምዎት? በእጅዎ ያሳዩኝና።»
ይህን ነበር እኮ በአሥራ ዘጠነኛው ስላይድ የጻፍኩት፣
በቀይ ያሰመርኩት፣ ማንም ሳያየው ያጠፋሁት።

የይርዳው እጅ ተነሳ። ደረቱ ጋ አልቆመ፣ ወደ ሆዱም አላለፈ፤
ካሜራው ፊት ቆየ፣ መዳፉ እየተንሳፈፈ።
«ለሚስቴ እኔ ነበርኩ» አለ፣ «‹ሆዷን ነው› ያልኩት ለሐኪሙ።
አልጠየቅኋትም፣ የት እንደሆነ ሕመሙ።»

ዝም ተባለ። ይኼኛው ግን ያኛው ዝምታ አይደለም።
አሥራ ሰባት ካሜራ በራ። አራቱ አልበራም፤ ግድ የለም።

ቆይታ ኦስናት አየችኝ፦
«መምህርት፣ መጣሽ? ተናገሪ እንጂ፣ ድምፅሽ ዝግ ነው!» አለችኝ።
ጣቴ ምልክቱ ላይ ነበረች። አልተጫንኩትም።
«ቀጥሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም።
ይርዳው ዓይኑን ጠርጎ ካፖርቱን መልሶ ሲደርበው፣
ዱዱ እንደጠፋ ቀረ። ነገ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምንታጠበው።