የሰው ደወል

በዕቁብ ነው የገዛኋት፣ ከምሳዬ ላይ ቆጥቤ፤
ጥቁር ፊኒክስ፣ ጎማዋን በቀይ ክር አስውቤ፣
ኮርቻዋን በልጄ አሮጌ ጃኬት ሸፍኜ፣
ፈረቃ ሲያልቅ ከፋብሪካው በር በሷ ላይ ሆኜ
በዘንባባው መሃል ስመጣ፣
የሐይቁ ንፋስ በሸሚዜ ሲገባና ሲወጣ፣
ድካም እንደ ባዳ ውሻ መታጠፊያው ጋ ሲቀር፣
ጥጥ የቃመው ሳንባዬ ከጣና ሲበደር አየር።

ቅዳሜ ነው። ለእናቴ የግፊቷን ኪኒን ልገዛ
ከዘንባባው ጋር አሰርኋት፣ ጣት በሚያህል ሰንሰለት፤
ስወጣ ሰንሰለቱ አለ፣ ተቆርጦ፣ እንደ ሞተ እባብ፤
እሷ የለችበት።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዛሬም ድረስ እዚያው ነው፤
የሌለ ቤት ቁልፍ ሆኖ፣ ሳስብ የምነካካው።

ጣቢያ ስሄድ ሳጅኑ ጣቱን በምራቁ ነክሮ፣
"የዚህ ሳምንት አሥራ አምስተኛ" አለኝ፣ ከላይ ወደ ታች ቆጥሮ።
"ቀለሟ?" "ጥቁር።" "ሁሉም ሰው ጥቁር ነው የሚለኝ" አለ፤
መዝገቡን ከደነ። ስሜ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል፣ በሁለት ገጽ መሃል ዋለ።

አባይ ማዶ ጎማ የሚለጥፈው ልየው ግን ነገረኝ፣
ከመነዳሪው ውኃ ውስጥ አረፋ እያየ፣ ሳያየኝ፦
"አንድ ሌባ መስሎሃል? ወንድሜ፣ ይሄ ማኅበር ነው፤
ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።
አንዱ ያያል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ በባጃጅ ይጭናል፤
አንተ ደረሰኝ ስትቀበል፣ እነሱ ድልድዩን አልፈዋል።
ከዚያ በአንድ ጓሮ፣ ሌሊት፣ እንደ ቅርጫ ትመደባለች፤
አሁን ሳይክል አትበላት፣ የተበተነች ዘመድ ነች።
ጎማዋ መርዓዊ ወርዷል፣ መሪዋ ዱርቤቴ ገባ፤
ቀሪው አካሏ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ዳንግላ ላይ ዳግም አገባ።"

ብሩ አይደለም የሚቆጨኝ፤ ዓይኔን ነው የሰረቁኝ፤
ሰው ማየት ትቼ ሹካ፣ ጎማ፣ ፔዳል አስመረመሩኝ።
ደረበው ኮርቻ ነቅሎ
ያስቀድሳል፣ ከጋቢው ሥር አዝሎ።
መምህርት የሽመቤት ሳይክሏን ከአልጋዋ እግር ጋር አስራ፣
ውሻ በጮኸ ቁጥር ትዳብሳታለች፤ እንቅልፏ ሆኗል የዘብ ተራ።
ድሮ ጎን ለጎን ስንነዳ፣ እጃችን በትከሻ ላይ ነበር፤
ዛሬ "ከየት ገዛሃት?" ሆኗል፣ የኛ "እንደምን አደር"።

ሦስት ወር በእግሬ ሄድኩ።
ከዚያ ተበድሬ፣ ያገለገለች አንዲት ገዛሁ፤
ደረሰኝ የላትም። ከየት መጣች? አላልኩትም ነጋዴውን፤
እግሬ ዝሎ ነበር፤ ዝም አልሁ።

ደወሏ ግን ሌላ ነው፤ ጥርስ እንደ ጎደለው ሰው ሳቅ፣
ክርር ብሎ መሃል ላይ ይሰበራል፤ ከሩቅ የሚታወቅ።
ሽምብጥ ስታጠፍ መታሁት። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ፣
ዳቦ በፌስታል የያዘች፣ ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ደጅ፣
ድንገት ዞረች፣ ፊቷ በርቶ፤ "አባዬ!" አለች፣ ልትሮጥ፤
አየችኝ።
አየሁት እኔም ያን ፊት፣ እንደ መብራት ሲቋረጥ።

አልቆምኩም። ይኸው ነው ለልየው እንኳ ያልነገርኩት፤
ፔዳሉን ነው የረገጥኩት።

አሁን ደወሉን በልጄ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፤
ሰው መንገድ ሲሻገር፣ በአፌ "ዞር በሉ!" እላለሁ።
አንዳንዴ ብቻ፣ ፈረቃ ሲያልቅ፣ ሌሊት ሽምብጥን ስደርስ፣
ካልሲውን አወልቅና አንዴ መታ አደርገዋለሁ፣ ቀስ፤
መስኮት ይከፈት እንደሆን።

እስካሁን አልተከፈተም።
እኔም እስካሁን አልቆምኩም።