ወናፍ

እውነቱን ልናገር፤ የሄድኩት ለኦርጋኑ አልነበረም፣
በግንቦት ከሰዓት፣ ከዚራ ውስጥ እንደዚያ ቀዝቃዛ ግንብ የለም።
ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ስድስት ቬንቲላተር ጣሪያው ላይ፣
መግቢያው በነጻ፤ ሌላ ምን ያሻል በዚያ ፀሐይ?

አባ ኤሚል በር ላይ ቆመው ወረቀት ያድላሉ፣
«ኮንሰርት ነው እንጂ ቅዳሴ አይደለም፤ ማንም ይግባ» ይላሉ።
ገባን፦ ባጃጁን ከኒሙ ሥር ያቆመ ሾፌር፣
ጡረተኛ የባቡር ሰዎች፣ ከነመነጽራቸው፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር፣
ማንጎ የያዘች ልጅ፣ እናቷ «እዚህ አይበላም» የምትላት፣
እሷም እያሸተተች የምትጠብቅ የመውጫውን ሰዓት።

ክሌሊያ ወጣች፤ አጭር ሴት፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ሽበት ጣል ጣል፣
ከመጽሐፍ የተማረችው አማርኛ ሁሉን ሰው «እርስዎ» ይላል።
ያቺን ማንጎ የያዘች ልጅ «እርስዎ እንዴት ነዎት?» አለቻት፣
ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ድሬ ላይ ይህቺን ቃል ማን ያውቃት!

ጫማዋን ቀየረች። ሶሉ ስስ።
በእግሯ ነው የጀመረችው፤ ዝቅ ብላ፣ እንደ ሸማኔ፣
እግር ድሩን ሲከፍት፣ እጅ መወርወሪያውን ሲሰድ አየሁ እኔ።
ድምፁ በጆሮ አልገባም፤ በአግዳሚው በኩል መጣ፣ በጀርባ አጥንቴ፣
ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሳ መስኮታችን እንደሚርደው፣ በልጅነቴ።

አንድ ዜማ ብቻውን ወጣ፤ ሁለተኛው ተከተለው፣
ሦስተኛው ከታች በኩል መጥቶ «ቆይ!» አለው፤
እንደ ተማሪዎች፣ ደረቁን ደቻቱ በአሸዋው ሲሻገሩ፣
አንዱ የአንዱን ቆብ ቀምቶ፣ ሳይያያዙ ሲባረሩ።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ቬንቲላተሮቹ በየተራ ሰነፉ፤ የኦርጋኑ ሞተር ጮኸና ዝም አለ፣
የያዘችው ድምፅ ግን አልቆመም፤ ጎማው እንደ ተነፈሰ ብስክሌት ቁልቁል ተንከባለለ፣
ተጣመመ፣ አለቀሰ፣ ከቧንቧዎቹ ጫፍ አንዲት ፊሽካ ቀረች፣
ልጅቷ በዚህ መሐል ማንጎዋን ነከሰች።

ከባቡር ሰዎቹ መሐል ሮብሌ ተነሳ፣ ጉልበቱን ደግፎ፣
የዚያን ሣጥን ሳንባ የጠገነው እሱ ነው፣ የሐረር ፍየል ቆዳ ሰፍቶ፣ ቀዳዳውን በሰም ለጥፎ።
(«እስላም ሆነህ ለቤተክርስቲያን?» ሲሉት፣ «ፍየሉን ጠይቁት» ብሎ ነበር፣
ዋጋውን ሲጠይቁትም፣ «ሲያፈስ ያን ጊዜ እንነጋገር»።)

ከመሠዊያው ጀርባ ገባ። የእንጨቱን እጀታ ሰማነው፣ ሲጥጥ፣ ሲጥጥ፤
ሠላሳ ዓመት በሸሚንደፈር ጋራዥ ወናፍ የነፋ ክንድ አይደነግጥ።
ትንፋሹ መጣ፤ ድምፁ ከወደቀበት ቀስ ብሎ ተነሳ፣
ክሌሊያም ካቆመችበት ቀጠለች፣ አንዲት ኖታ ሳትረሳ።

ግን ያው አልነበረም። አሁን ዜማው ሰው ሰው ይሸታል፣
ዳገቱ ላይ ይዝላል፣ ደግሞ ይበረታል፣
ሲያነክስ አብራው ታነክሳለች፤ ሲቸኩል ቀድማ ትጠብቀዋለች፣
ግድግዳ ለይቷቸው፣ የሽማግሌውን ሳንባ በጣቷ ታዳምጣለች።
ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ለቬንቲላተር መምጣቴን ረሳሁ፣
ክንዴ ከእጀታው ጋር ሲወጣ ሲወርድ ባየው፣ አፍሬ እጄን ኪሴ አስገባሁ።

አለቀ። እጆቿን አነሳች፣ ጭኗ ላይ አኖረች፣
አንዲት ኖታ ግን፣ አቧራ ይዟት ይሁን ሙቀት፣ አልዘጋም ብላ ቀረች።
ማጨብጨብ ነው ወይስ መጠበቅ? እርስ በርስ ተያየን፣
እሱ ከግድግዳው ማዶ ይነፋል፤ በምን ዓይኑ ይየን።

ተነሳች። በስሱ ሶል፣ ከመሠዊያው ጀርባ ዞረች፣
የመጽሐፏን አማርኛ ጥላ፣ «ሮብሌ፣ አንተ፣ በቃ» ስትል ተሰማች።

ኖታዋ ቀጠነች።
ከዚያ የሱ ድምፅ፣ እያለከለከ፦
«ጨረስሽ እንዴ? እኔ ገና ኤረር ነኝ።»