የኪልቤግ ቅኝት

ሦስት ቀናት ዘነበ፣ ሻነን ሞልቶ አደረ፣
የኪልቤግ አደባባይ በጃንጥላ ታጠረ።
እኔ ከበሩ ላይ ትኬት ስቀድ ነበር፣
እርጥብ ካፖርት ሁሉ በፊቴ ሲሻገር።
ከውስጥ በገናዎች በብርድ የተጨነቁ፣
ቆመዋል እንደ ከብት ሐኪም ሲጠብቁ።

ሐኪሙ ፊንባር ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣
የናስ ቁልፍ በኪሱ፣ ጆሮ ነው ንብረቱ።
ክሯን ነካ አድርጎ፣ አዳምጦ ጠመዘዘ፣
ዝናቡ ሲያላላት እንደገና ያዘ።
«እንጨት አይረሳም፣ ‹ዛፍ ነበርኩ› ይላል፣
ውሃ የሸተተው ዕለት ማበጥ ያምረዋል።»

ከምሳ በኋላ ከደብሊን የመጣ
አንድ ባለ ሥልጣን ወረቀቱን አወጣ፤
«ቅርስ እንዳለ ይለፍ፣ አንድ ነጥብ ሳይጓደል፣»
አለ። አጨበጨብን፣ ሻዩ እስኪታደል።
ፊንባር ብቻ የለም፤ ከመድረኩ ኋላ
አንዷን ይለማመጣል፣ ዛሬም የምትላላ።

ደርቭላ ተነሳች፣ የዓሣ ሻጩ ልጅ፣
ጥፍሯ የረዘመ፣ ለሽቦ የሚበጅ።
ዜማው ስለ ጀልባ፣ ሄዳ ስለቀረች፣
በልጅቷ ጥፍር ከጉሙ ብቅ አለች።
ዙሩ ሦስት ሲሞላ ሽቦው ተበጠሰ፣
ጉንጯን ጫር አድርጎ እግሯ ላይ ደረሰ።

አላቆመችም ግን፤ የክሩ ተራ ሲደርስ
ጣቷን ትሰዳለች ባዶው ቦታ ድረስ፣
በር እንዳንኳኳ ሰው ጥቂት ታደምጥና
ወደ ቀጣዩ ድምፅ ታልፋለች እንደገና።
ሁለት መቶ ትንፋሽ አብሯት እየታገደ
ከጣሪያው ዝናቡ ብቻውን ወረደ።

ማታ ፊንባር ሠራው። አዲስ ናስ ወጠረ፣
ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጥ አደረ።

ጧት ወለል ስንጠርግ ፖስተኛው አለፈ፣
ያንኑ የጀልባ ዜማ እያፏጨ ከነፈ፤
እዚያች ቦታ ሲደርስ ከንፈሩ ጸጥ አለ፣
ድምጿን ዘሏት አልፎ ዳገቱን ቀጠለ።
ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሁለቱ ፖሊሶች፣
ኳስ ይዘው የሚያልፉ ጭቃ የሆኑ ልጆች፣
ሁሉም ያዜሙታል፣ ከነቀዳዳው ነው፤
አንድም ሰው አላለም «የጎደለው ምንድነው?»

ፊንባር መጥረጊያውን ይዞ ብቅ አለና
ሊያርማቸው ሲል አፉን ከፈተና
ተወው።
አጎነበሰ፣ ትናንት የወጠረውን
አዲስ ክር ነካና አዳመጠ ድምፁን፤
ጠርቶ ወጣ። ልክ ነው። ግን በገዛ ሰፈሩ
ማንም አላወቀው፤ አልተከፈተም በሩ።

እኔም ወለሉን መጥረግ ቀጠልኩ።