አንድ ለሰባ ሁለት

ከፖስታ ቤት በታች፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
ሁለት ሰው ከገባ የምትሞላውን
የሰዓት ማደሻ፣ የጋሽ እንየውን፣
ፒያሳን የረገጠ መቼም ያውቃታል።
እዚያ ነው ያደግሁት። ዘይቷ ዛሬም ከጥፍሬ ሥር ይሸታል።
ወረንጦ ጨብጬ፣
ትንፋሼን ቆጥቤ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣
ቅማል የምታህል ብሎን ለቃቅሜ
እስክትገጥም ድረስ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ።

ከጀርባቸው ሳጥን፤ መስታወት ነው በሩ፤
ውስጡ ጥጥ ተነጥፎ፣ በረድፍ የሚያድሩ
አሥራ አንድ አውሮፕላን፣ ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣
እንደ ክረምት ጋቢ ክንፍ በክንፍ የተደረበበት፣
የድሮ ተዋጊ፣ ሰማይ ገና ለሰው አዲስ ሳለ።
አንዱን ከመርካቶ ሹፌር አመጣላቸው፤
አንዱን፣ ኪሱ የነጠፈ ቱሪስት ለሰዓቱ ማደሻ ከፈለ፤
ሌላውን ደግሞ (ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ አምሳለ)
ለጣሪያ ቆርቆሮ ከተቀመጠው ብር ላይ ነው። ጣሪያው ዛሬም እንዳለ
ያፈሳል።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ በሩን ገርበብ አርገው፣
በሕፃን ጥርስ ብሩሽ አቧራውን ጠርገው፣
የአፍንጫውን ውልብልቢት በጣት ነካ ያደርጉና
"ስማ!" ይሉኝ ነበር። ጆሮዬን ሳቀና
ዝም ነው። ዝም ብረት። አልሰማሁም ስል
ያዝኑልኝ ነበረ፣ ጆሮ የሌለኝ ይመስል።

"ከሆዱ ሥር እይ፤ ምን ይላል የተጻፈው?"
"አንድ ለሰባ ሁለት።" "ስፍሩ ነው፣ ያዘው።
እውነተኛው ከዚህ ሰባ ሁለት ጊዜ ይገዝፋል።
አሁን ሰውን ስፈር፤ ቁመቱ ስንት ይሆናል?"
በጣቴ አሰላሁ፤ "ባቄላ።"
"ባቄላ!" አሉ ደስ ብሏቸው፣
ሙሉ ነጥብ ያመጣ ልጅ እንዳላቸው።

ሰማንያ አምስት ላይ፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲበተን፣
ከጭልጋ የመጡ እማማ ይመኙሻል፣ በነጠላ ጫፍ የቋጠሩትን
የሟች ባላቸውን ሰዓት ፈትተው
"ትሂድልኝ" አሉ፣ ባንኮኒው ላይ ትተው።
ዓይናቸው ግን ሰዓቷን ጥሎ፣
በትከሻችን ላይ አልፎ፣ ሦስተኛዋ ላይ ውሎ
ቀረ። "እስቲ ያችን ዝንጉርጉር፣ አንዴ ስጠኝ ልጄ።"

ጋሽ እንየው ማለት ሳጥኑን በክርን የሚጋርዱ፣
የገዛ ልጃቸውን "በዓይንህ እይ!" እያሉ የሚያሳድዱ፤
ያን ቀን ከፈቱ።

እማማ አላገላበጧትም። በሁለት ጣት እንደያዟት ወደ ደጅ ዞሩ፤
ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከፋሲል ግንብ አናት በላይ፣ ሰማዩ ላይ አነጣጠሩ።
አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለኩ።
"ይችው ናት። ልክ ይችን ነው የምታክል።"

"የለም እማማ" አሉ ጋሽ እንየው። ስፍር ሲዛባ አይችሉም።
"እውነተኛዋ ትገዝፋለች፣ ሰባ ሁለት..."
"አይተሃታል?"
"አላየሁም።"
"እኔ አይቻታለሁ። አተር ማሳ ውስጥ፣ በጀርባዬ ተጋድሜ።
ይችን ነው የምታክል። ጭልፊት መስላው ነው ወንድሜ
ጫጩት ሊያስገባ የሮጠው።"

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። እኛም አልጠየቅናቸው።
ውልብልቢቷን በአውራ ጣት ገፋ አድርገው፣ አስጠግተው ወደ ጆሯቸው፣
ብዙ ቆዩ።
ሰሙ።
መልሰው ሰጧት። ለሰዓቷ አሥር ሲባሉ፣ ስድስት ብር ቆጥረው
ሄዱ፣ የቀረውን ለገና ቀጥረው።

ሰኞ ስንከፍት፣ ጥጡ ላይ፣ ከሦስተኛዋ ክንፍ ሥር፣ አንዲት ባቄላ አየሁ።
ማን እንዳስቀመጣት አልጠየቅሁም፤ አውቃለሁ።
ሐሙስ ሐሙስ አቧራው ይጠረግ ነበር እንጂ
ውልብልቢት አልነካም፣ ከዚያ ወዲህ ያ እጅ።

አሁን ሳጥኑ የኔ ነው። ክንፎቹን ዝገት አልበላቸው፤
ቀለማቸው እንዳለ ነው፤ ጥጡ ብቻ ወየበባቸው።
ባቄላዋን ግን ነቀዝ አያስከርማት።
በየታኅሣሡ፣ አዲስ ሲደርስ፣ ከቅዳሜ ገበያ አንዲት መርጬ እተካታለሁ።
ሻጯ ትስቅብኛለች፤ "አንዲት ፍሬ? ለምንህ ናት?"
"ለስፍር" እላታለሁ።