የእሳት ድርሻ

አሽዶድ፤ ወደቡን የሚያይ ቢሮ፣
ከፈንታነሽ ፊት የሒሳብ ዝርዝር፤
ከአምናው አልገጥም ያለች ዘንድሮ
አንዲት መስመር፦
የማቅለጫ ክፍያ።

ጋራው ያው ነው፤ የቆፋሪው ደመወዝ ያው፣
ናፍጣም አልጨመረ፤
ባሕር ማዶ ምድጃ ያለው
ዋጋውን ቀየረ።
ከመቶው ዚንክ አሥራ አምስቱን
“አመድ በላው” ብሎ አይከፍልም፤
ከቀሪው ላይ ደግሞ የእሳቱን
ይቆርጣል፤ ፈቃድ አይጠይቅም።
አፈር ሲበዛ ምድጃ ይኮራል፤
ጉድጓዱ ሳይጠልቅ ወጪው ይጠልቃል።

ማታ ለአባቷ ነገረችው።
አበጀ ወገራ ላይ ቀጥቃጭ ነበረ፤
ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው።
“ፈንታነሽ ብዬ ብጠራሽ፣ ስሙ ሥራ ሆኖ ቀረ!
እኔም እሳት ነበረኝ፣ ልጄ፤
ማረሻውን ገበሬው ያመጣል፣
ሁለት ቁና ገብስ ከደጄ
ሳይገባ አስቀምጦ ይሄዳል፣
‘ቡዳ ነው’ ብሎ ዓይኔን እየሸሸ።
ያን የማዶ ባለ ወናፍስ
ዓይኑን ትፈሩታላችሁ?”

መነጽሯን አወለቀች።
“ዓይኑን አይተነው አናውቅም፣ አባ፤
ፊርማውን ብቻ።”