እንየው ዘንድ

ማርቆስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ በከለላት፣
ግራሶ በጠጣች ሱቅ፣ ግማሽ ቤት፣ ግማሽ ደጃፍ ባላት፣
ሦስት ቢስክሌት አቁሞ ጠበቀኝ እንየው፤
ስሙም ሥራውም አንድ ነው፤ "ቆዪ" ይላል፣ "እንየው"።

የስድስት ወር ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣ ጨምሬ፣
በመሐረብ ቋጥሬ፣ በጉያዬ ሰውሬ፣
"አንድ ብቻ" አልኩት፣ "አንድ ብቻ ስጠኝ፣
ጭቃ የማያቆመው፣ ጠጠር የማይጥለኝ፣
አስፋልት ላይ የማይለግም፣ ዳገት ላይ የማያኮርፍ፣
የክትባት ሳጥኔን አዝሎ ጨሞጋን የሚያልፍ፤
ለበጋም ለክረምትም፣ ለገበያም ለሥራ፣
ለሁሉም የሚሆን አንድ፤ እንደ ጋቢ፣ እንደ ከዘራ።"

ሳቀ። "ለሁሉም የሚሆን?" አለ፣ መፍቻውን እያወዛወዘ፣
"እንዲህ ያለ ባል ስትመርጥ፣ የእህቴ ዓይን ፈዘዘ።"

መጀመሪያ ሃያ ስድስቱን ገፋልኝ፤ ቀለሙ የተላጠ፣
ከአንድ ተማሪ የገዛው፣ ኮርቻው በፕላስቲክ የተለበጠ።
ትንሽ ጎማ ቀልጣፋ ናት፤ እንደ ፍየል ትዞራለች፣
ከቆመችበት ስትነሣ ሳይነኳት ትበራለች፤
ግን ጉድጓድ አይታ አታልፍም፤ ገብታ ትጠይቃለች፣
እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ ለወገቤ ትነግራለች።

ከዚያ ሃያ ዘጠኙን አመጣው። ጥቁር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣
ገና ሳልወጣበት ከላይ የሚያየኝ እንደ ዳኛ።
ወጣሁ፤ እግሬ መሬቱን ፈልጎ አጣ፤
ጎማው ግን ሲንከባለል፣ ያን ሁሉ ኮብልስቶን እንደ ውሃ ጠጣ።
"ትልቅ ጎማ ለጉድጓድ ደንታ የለውም" አለ እንየው፣
"ከተነሣ ማን ያቆመዋል? መነሻው ነው ነገሩ። እስኪ ዳገት ላይ እንየው።"

እስከ ውሃ ታንከሩ ወጣሁ።
ልቤ በጆሮዬ መታ።
የእነራታን ዋልካ አሰብኩ፣ በነሐሴ፣ ጠዋት ማታ
በጎማና በፎርቼላ መሃል ሲጋገር፣
ቢስክሌት ተሸካሚ መሆኑ ቀርቶ ተሸካሚ ሲቸገር።

ሦስተኛው ሃያ ሰባት ተኩል ነው። "ከሁለቱም አለው" አለ።
ከሁለቱም ያለው ሰው፣ ቤታችን፣ አይታመንም፤
ደግሞ "ተኩል" ምንድን ነው? ግማሽ ኢንች ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም።
እንየው ስለ ኢንች ያወራል፤
እኔ በልቤ የምቆጥረው ደቂቃ ነው።

አምና በጥር፣ በእግሬ ነበር። በረዶው ቀለጠ፣ ሳጥኑን ላብ አላበው፣
ደርሼ ስከፍተው መድኃኒቱ ሞቋል። የአቶ ደረበው
ጊደር በሳምንቱ በአባ ጎርባ ወደቀች። ቁጣ አልሰማሁ፤
በርጩማ አምጥቶ "ደክሞሻል፣ ተቀመጪ" አለኝ። ተቀመጥሁ።
እስካሁን ከዚያ በርጩማ ላይ አልተነሣሁ።

"እሺ" አልኩት፣ "ረቡዕ ገበያ ላይ ቢፈነዳብኝ፣
የየትኛው ከመነዳሪ ነው በዚያን ሰዓት የሚገኝ?"

እንየው መፍቻውን አስቀመጠ።
"ይህን የጠየቀኝ የለም" አለ፤ ሁሉም ስለ ቀለም ይጠይቃል።
የሃያ ስድስቱ ከጨውና ክብሪት ጎን፣ በየሱቁ ተንጠልጥሏል፤
የሃያ ዘጠኙን ከባሕር ዳር ነው የሚያስመጡት፤
የተኩሉን፣ ስልክ ደውለሽ፣ ሰው ለምነሽ፣ ሳምንት ነው የምትጠብቂው።
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ የሙያ ምሥጢር እንደሚነግር፦
"ግን የሃያ ስድስቱን ተኩሉ ላይ ብትከቺው፣ ትንሽ ይሳባል እንጂ ይችላል።
ላስቲክ አይደል? ይለጠጣል።"

ይለጠጣል። እኔም ከዚህ ደሞዝ ጋር ስንት ዓመቴ!

መሐረቡን ፈታሁ። ሦስት መቶ ብር ጎደለኝ።
"ሰኔ ላይ" አለ። ደብተር አላወጣም። ሁለት የሃያ ስድስት ከመነዳሪ ጠቅልሎ ሰጠኝ።
ሳጥኔን ከኋላ አሰርሁ፣ በገመድ፣ ደግሞም በነጠላዬ፤
ተኩሉ ተነቃነቀ፣ እንደ ፍየልም እንደ ዳኛም ሳይሆን፣ ወረደ ከነሐሳቤ፣ ከነገላዬ።
ቁልቁለቱ ላይ የፊቱ ፍሬን አንቋረረ። ከኋላዬ
"ቆዪ!" አለ፣ "ቆዪ፣ ፍሬኑን እንየው!"

ድልድዩ ቀረበ።
መያዝ አለመያዙን፣ እዚያው ስደርስ ልየው።